የሐዲድ ዘርጊው አውራ ጣት

«ይሄ ኮፒ ነው» አለ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ሹም፣ ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ መልሶ እየገፋ።

«ኮፒስ እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ ሳታስበው።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እውነቷን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ኮፒ» ነው የሚላት። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቋ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ፣ ስትጠርዝ፣ የሰው መታወቂያና ዲፕሎማ ላሚኔት ስታደርግ ስንት ዘመኗ! እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ቢኖር አክስቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ካልተቆጡ አይጠሩበትም። ሹሙ ግን አልሳቀም። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የተፈጠረ አይመስልም።

«ኦሪጅናል ነው ጌታዬ! ቅድመ አያቴ ሐዲዱ ሲዘረጋ የተቀጠረበት ወረቀት ነው። ዓመተ ምሕረቱን አያዩትም? አሻራው ይኸው እኮ!»

«እኔ የማየው ፕላስቲክ ነው። ወረቀቱን ልዳስስ ብል አልዳስሰው፣ ቀለሙን ልመርምር ብል አልመረምረው። ዛሬ በቀለም ኮፒ እያነሳ ላሚኔት የማያደርግ ማን አለ? ትናንት ብቻ ስንቱን መለስኩ መሰለዎት።»

«ከእርጥበት ላድነው ብዬ ነው እኮ።»

«እንግዲህ አድነውታል፤ ይዘውት ይግቡ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል፤ ሐዲዱም አብዛኛው ተነቅሎ ለብረታ ብረት ነጋዴ ሄዷል። ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲዱን ለዘረጉት ሠራተኞች የተሠሩት ረድፍ ቤቶች ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ የሚኖሩባቸውም የነዚያው ሰዎች ዘሮች ናቸው። አሁን ጽሕፈት ቤቱ ቤቶቹን በስማቸው ሊያዞርላቸው ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ በአንድ ቤት አንድ ባለቤት፤ የቅድመ አያቱን የባቡር ወረቀት ኦሪጅናሉን ያቀረበ ይወስዳል። ኦሪጅናል ያለው ሰው ከጠፋ ግን በቤቱ የሚኖሩት ሁሉ እኩል ይካፈላሉ። ምዝገባው ነገ ጠዋት ይዘጋል።

«ከኛው ቤት ሌላ ሰው ኦሪጅናል ቢያመጣስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቤቱ የሱ ነዋ! ቀጣይ!»

«እዚያው ቤት የተወለደች አሮጊት አክስት አለችኝ እኮ...»

«ባለቤቱ ከፈቀደላት ትኑር። ቀጣይ አልኩ እኮ! ሰው አይሰማም እንዴ?»

ኮፒ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ባለቤቱ ከፈቀደላት! ያንን ፈቃድ የሚሰጡት እነማን እንደሆኑ እሷ ታውቃለች፤ ሹሙ ቢያውቅ እንኳን ግድ የሚለው አይመስልም።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጎሚስታ ነው፤ እጁ ከላስቲክ ማጣበቂያ ጠርቶ አያውቅም። ፊቷን እንዳየ ነገሩ ገባው።

«አልተቀበሉም እንዳትዪኝ!»

«አልተቀበሉም ጋሼ።»

«ምን ብለው?»

«ፕላስቲክ ነው ብለው።»

ወንድሟ ወደ ውስጥ ገባና የሬዲዮኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ጠብ ሲኖር ቃሉ እንዳይሰማ ሬዲዮ ይከፈታል። ቤቱ አንድ ቤት ነበር። ሐዲድ ዘርጊው ሁለት ሚስት አግብቶ ከሁለቱም ወልዶ ሞተ፤ የቅጥር ወረቀቱ ለትልቋ ሚስት ልጆች ደረሰ፣ የስንብት ወረቀቱ ለትንሿ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ በሱ የዕቃ ሳጥን ተጣሉና ቤቱን መሐል ለመሐል በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከፈሉት። ከዚያ ወዲህ በኮምፔርሳቶው ማዶ ያሉት ስማቸው «ወዲያኞቹ» ሆነ። እነሱም እነዚህን «ወዲያኞቹ» እንደሚሏቸው የታወቀ ነው። ሰላምታ የለም፤ ቀብር እንኳን አይደራረሱም። ኮምፔርሳቶ ግን ድምፅ አይከለክልም። ስለዚህ ወዲያ ማዶ ሬዲዮ ሲጮህ ወዲህ ያሉት «ጉድ ፈላ፣ ተያይዘዋል» ይላሉ፤ ወዲህም ሲጮህ እንደዚያው።

ሬዲዮኑ ስለ ነገው አየር ጠባይ ሲለፈልፍ ወንድሟ በላዩ ላይ ጮኸበት።

«አንቺና ፕላስቲክሽ! ማን ንኪው አለሽ? ስንት ዘመን ሳጥን ውስጥ ሲኖር ምን ሆነ? ያየሽውን ሁሉ ፕላስቲክ ካላለበስሽ እንቅልፍ አይወስድሽም! ቆይ፣ እኔንስ መቼ ነው ላሚኔት የምታደርጊኝ?»

«ምስጥ ሊበላው ነበር! ደግሞስ ያን ጊዜ ‹ጎሽ የኔ እህት› ብለህ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው አንተ አይደለህም? ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየህ ስትኩራራ የነበርከው ማን ነው?»

«ይሄ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«እኔስ በምን አውቃለሁ?»

አክስታቸው አልጋቸው ላይ፣ ጀርባቸውን ለኮምፔርሳቶው ሰጥተው ተቀምጠዋል። እርጅናው እግራቸውን እንጂ ጆሮአቸውን አልነካውም።

«ልጄን ተዋት» አሉ። «አስባ ያደረገችው ነው። እጇ አመድ አፋሽ ሆኖባት ነው እንጂ ምን አጠፋች?»

«እትዬ፣ አንቺን ሊያወጡሽ ነው እኮ! ገብቶሻል? ወዲያኞቹ የስንብት ወረቀቱ አላቸው። ነገ ያስገባሉ፤ ከዚያ ከነፍራሽሽ መንገድ ላይ ይጥሉሻል። የነሱ ወረቀት ባይኖር እኮ እኩል ነበርን! እኩል!»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ምላጭ አወጣ። ኮፒ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባት ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን ወረቀት በእጇ ሸፈነችው።

«ጋሼ፣ እንዳትነካው። ሙጫው በሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል። የኔ ሥራ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ አይለቅም።»

«ከከመነዳሪ ላይ ስንቱን ልጣፊ ያነሳሁ ሰው፣ ይቺ ታቅተኛለች?»

«ወረቀት ከመነዳሪ አይደለም!»

«ዞር በይልኝ!»

ጠርዙ ላይ ፕላስቲኩ ያለ ችግር ተላቀቀ፤ እዚያ ወረቀት የለማ። ወንድሟ «አየሽ?» ብሎ ቀና አለ። ከዚያ ወደ መሐል ገባ። አንድ የመቅደድ ድምፅ ተሰማ፤ ሬዲዮኑ እንኳን አልሸፈነውም። ፕላስቲኩ ሲነሳ የወረቀቱን ቆዳ ገፎ ይዞት ተነሳ። የመጀመሪያው ቀን፣ ሐዲድ ዘርጊው ገና ወጣት ሳለ፣ ቀለም ነክሮ ያስቀመጠው አውራ ጣት ከፕላስቲኩ ጋር ተነጥሎ ወጣ፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ፀጉራም ቁስል ነው። የድርጅቱ ማኅተምም ግማሹ የለም።

ከዚያ ወንድሟ ምላጩን ወርውሮ ጣቱን እህቱ ላይ ቀሰረ።

«አንቺ ነሽ! ይሄን ያደረግሽው አንቺ ነሽ! ቅድመ አያታችንን የገደልሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ?» የኮፒ ደም ፈላ። «አትንካው ብዬ ለምኜህ አልነበረም? ግትር! የጎሚስታ ግትር! ያም አልበቃህም፣ እኔው ላይ ልትለጥፈው? ለመለጠፍማ ማን ብሎህ!»

«ውጪ ከፊቴ!»

«ብወጣ ምናለበት፣ ነገ ሁላችንም ወጪዎች ነን!»

«ፕላስቲኩን ስጡኝ» አሉ አክስቲቱ።

ኮፒ ሰጠቻቸው። ወደ መስኮቱ አዙረው ብርሃን ላይ አዩትና፣ «ይሄ ደህናው ጣቱ ነው» አሉ። «ገና መዶሻ ሳይመታው። እኔ ልጅ ሆኜ ይዤው የምሄደው ጣት ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። ሐዲዱ ላይ ችንካር ሲመታ መዶሻው ስቶ ወርዶበት ነው። ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ እየከተትኩ እጫወትበት ነበር።»

ይህን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። ወንድምየው ሁልጊዜ «የእትዬ ተረት» ይላል፤ በነሱ ግድግዳ ላይ ያለው ጣት ምንም ስንጥቅ የለውማ። ኮፒም ከልጅነቷ ጀምሮ ልመን ወይስ አልመን ስትል ነው የኖረችው። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሱቋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ መብራት ጠፋ። ወዲህ ያለው መስመር ሌላ ስለሆነ የኮፒ ሱቅ በሰው ተጥለቀለቀ። ማሽኗን እያንጫጫች ሠራች፤ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። አንዱ «ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ?» ቢላት፣ «ቀለም ፈሶብኝ ነው» አለችው። ሊመሽ ሲል ሰዉ ቀለለ። አንዲት ሴት ብቻ በሩ ላይ ቀረች። ከመግባትና ከመመለስ መሐል ቆማለች፤ የፀጉር ቀለም የነካው ጋውን ለብሳለች።

ወዲያኛዋ ናት። ፀጉር ሠሪዋ። በኮምፔርሳቶው ማዶ የምትተኛው፣ ሳሏን እንኳን ኮፒ ለይታ የምታውቀው ሴት፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አድገው ይህችን ሱቅ ግን አንድም ቀን ረግጣት አታውቅም።

«መብራት የለም ወዲያ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ሰላም ሳትል። «ባይጠፋ ኖሮ እግሬም ሱቅሽን አይረግጣትም ነበር።»

«እኔም አልጠራሁሽም። ምንድን ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ከጉያዋ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ቡናማ ወረቀት ነበር፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ትንሽ ቀርቶታል።

«ሁለት ኮፒ። ነገ ከኦሪጅናሉ ጋር ይፈልጋሉ። ከዚያ ኦሪጅናሉን ላሚኔት አርጊልኝ።»

ኮፒ የሰማችውን አላመነችም። «ምን ላርግልሽ?»

«ላሚኔት! ጆሮሽ አይሰማም እንዴ? በእጄ ላይ ሊፈርስ ነው፤ እስከ ነገ አይደርስም። እንደ እናንተው ይሁንልኝ። በራችሁ ተከፍቶ ባለፍኩ ቁጥር ያ ግድግዳ ላይ ያለው ሲያብረቀርቅ ቆሽቴ ነው የሚያረው። ምነው፣ ለኛ አይገባም?»

እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል! ኮፒ ተንኮል አላሰበች፣ አልሰረቀች፣ አልዋሸች። ሴትዮዋ በገዛ እግሯ መጥታ፣ በገዛ አፏ ጠየቀች። ‹የነሱ ወረቀት ባይኖር እኩል ነበርን› የሚለው የወንድሟ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል። አንዴ በማሽኑ ቢያልፍ እኩል ናቸው፤ እትዬም እስክትሞት አልጋዋ ላይ ናት። ነገ ሹሙ «ይሄ ፕላስቲክ ነው» ሲላት ወዲያኛዋ ማንን ትከሳለች? ማንንም።

«ይገባል» አለች ኮፒ። «ማሽኑ እስኪሞቅ ጠብቂ።»

የላሚኔት ማሽኑን ማብሪያ ተጫነች፤ ቀይ መብራቱ በራ። እሱ እስኪሞቅ ወረቀቱን በጥንቃቄ ዘርግታ የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ አስተኛችውና ክዳኑን ሳትጫን አወረደችው።

«ዛሬ ሬዲዮናችሁ ጉድ ሲል ዋለ አሉ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እናቴ ነግራኛለች። ተበላላችሁ?»

«የናንተስ ትናንት ማታ?»

«እኛማ ስንመካከር ነው። ቤቱ ሲዞርልን ያን ኮምፔርሳቶ ነቅለን ሰፊ ሳሎን እንሠራለን። አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ አይኖርም። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

‹እንግዲህ ያዢ› አለች ኮፒ በሆዷ፤ ከዚህ ወዲያ የሚያሳዝናት ነገር አልነበረም። ኮፒው ገና እንደሞቀ ከማሽኑ ተንሸራቶ ወጣ። አነሳችው፤ እንደ ሁልጊዜው ጠርቶ መውጣቱን ልታይ። ላይ ላዩን አነበበችው፦ ሐዲድ ዘርጊ፣ በጤና ማጣት የተሰናበተ። ከታች ደግሞ ጣቱ።

አውራ ጣቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከጣቱ ጫፍ እስከ ታች አንድ ነጭ መስመር ወርዶ፣ የአሻራውን ክብ ሁሉ እየቆረጠ አልፏል። የአንድ ትንሽ ልጅ ጣት ልክ ይገባበታል።

ኮፒ አፏን በእጇ ያዘች። የእትዬ ተረት ተረት አልነበረም። ይህን ሁሉ ዘመን እውነቱ ከእትዬ አልጋ አንድ ክንድ ርቆ፣ ከኮምፔርሳቶው ማዶ ተቀምጦ ኖሯል። ደህናውን ጣት ዛሬ ጠዋት ገድለውታል። የቀረው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም፤ ፕላስቲክ ከለበሰ ይህንንም ነገ አንዱ ሊልጠው ነው።

የላሚኔት ማሽኑ ጢጥ አለ። አረንጓዴ መብራቱ በራ።

«ሞቀ መሰለኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ኮፒ ገመዱን ከግድግዳው መዝዛ አወጣችው።

«አላደርግልሽም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አላደርግም ማለቴ ነው። ኮፒሽን ይዘሽ ውጪ።»

«አየሽ፣ አየሽ! ድሮም አውቄዋለሁ! ምቀኛ! የዘር ምቀኛ! የናንተ ብቻ እንዲያብረቀርቅ? ችግር የለም፣ ነገ በጠዋት መብራት ይመጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ያደርግልኛል!»

ወረቀቱን ጠቅልላ ወደ በሩ ሄደች። ዝም ብትላት ነገሩ አለቀ፤ ኮፒ እጇን እንኳን አላስገባችበትም። ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ለዚህች ሴት ልትነግራት ከምትችለው ነገር ሁሉ ክፉውን ነገረቻት።

«የኛን አልተቀበሉትም።»

ፀጉር ሠሪዋ ቆመች።

«ፕላስቲክ የለበሰ አይቀበሉም። ጠዋት መለሱኝ። ጋሼ ልልጠው ብሎ ቀደደው፤ አሁን ወረቀት የሚባል የለንም። ያንቺን ማንም ዘንድ እንዳታስነኪው። እንዲሁ እንዳለ፣ በሁለት ካርቶን መሐል አድርገሽ ውሰጂው።»

ፀጉር ሠሪዋ ዞራ አየቻት። ከእግሯ እስከ ራሷ፣ እንደገና ከራሷ እስከ እግሯ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ? አፍንጫሽን ላሺ! ለሱ ነው» አለች ኮፒ፣ ጨርቁ ውስጥ ወዳለው እየጠቆመች። «ለጣቱ።»

«ምሕረት አገኛለሁ ብለሽ ከሆነ...»

«ማን ጠየቀሽ? ውጪልኝ ሱቄን ልዝጋበት!»

ፀጉር ሠሪዋ የኮፒውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ከደፉ ላይ ግን ተመልሳ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ የወደቁትን ሁለት ካርቶኖች አነሳች። አመሰግናለሁም አላለች።

ኮፒ ቤት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ወንድሟ መሐል ቤት ቆሟል።

«ወዲያኛዋ ሱቅሽ ገብታ ነበር አሉ። ምን ፈልጋ ነው?»

«የስንብት ወረቀቱን ላሚኔት አርጊልኝ ብላ።»

የወንድሟ ፊት በራ። ሳቀም፤ ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የሳቀው አሁን ነው። «እና አደረግሽላት! በይ እንጂ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!»

«አላደረግኩም። ምን እንደሚሉም ነገርኳት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አክስታቸው ከአልጋቸው ቀና አሉ፤ የጠየቁት ግን ስለ ቤቱ አልነበረም።

«ጣቱን አየሽው?»

«አየሁት እትዬ» አለች ኮፒ። «ተሰንጥቋል። ከላይ እስከ ታች።»

«ብያችሁ ነበር» አሉ አሮጊቷ፤ ዓይናቸው ሞላ። «አላመናችሁኝም እንጂ ብያችሁ ነበር።»

«ጣት!» አለ ወንድሟ። «ጣት! ቤታችንን ለጠላት ሰጥተሽ ስለ ጣት ታወሪያለሽ?» ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ ሊናገር ያሰበው ገና አንገቱ ላይ ሆኖ፣ እንደ ልማዱ ወደ ሬዲዮኑ ሄደና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

ኮፒ ተከትላው ሄዳ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኮምፔርሳቶው ማዶ የወንበር እግር ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ከዚያ እዚያም ጸጥ አለ።

«አሁን ተናገር ጋሼ» አለች። «ወዲያኞቹም ይስሙ።»